የሕፃናት የደረት ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከቲቢ ጋር የሚመሳሰሉ እምብዛም ያልተለመዱ ኢንፌክሽኖች እንዴት ይለያሉ?

ሳል በሕፃናት ላይ በብዛት ከሚታዩ የሕመም ምልክቶች አንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጉንፋን የሚመጣ በመሆኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይተዋል። ከ2 ሳምንት በላይ የሚቆይና በተለመደው መድኃኒት የማይመለስ ሳል ግን የተለየ ትኩረት ይሻል። እንዲህ ባለው ሁኔታ በቀዳሚነት የሚጠረጠረው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ነው። ይሁንና ከቲቢ ተሕዋስ ጋር ዝምድና ያላቸው ሌሎች ተሕዋስያንም ምንም ዓይነት ሌላ የጤና ችግር በሌለባቸው ሕፃናት ደረት ውስጥ አልፎ አልፎ ሕመም እንደሚፈጥሩ የሕክምናው ዘርፍ ካረጋገጠ ቆይቷል።

በእነዚህ ሕመሞች መካከል ያለውን ልዩነት አለመለየት በሁለት በኩል ጉዳት ያስከትላል። በአንድ በኩል ቲቢ የሌለበት ሕፃን ለወራት የማይፈውሰውን መድኃኒት ሲወስድ ሊቆይ ይችላል። በሌላ በኩል ቲቢ የያዘው ሕፃን “አስም ነው”፣ “ተራ የሳንባ ምች ነው” እየተባለ ሲመላለስ በሽታው ወደ አንጎል ሽፋን ተዛምቶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ወይም ለዘለቄታው የአካል ጉዳት ሊዳርገው ይችላል። በመሆኑም ጉዳዩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን ጤና ጣቢያ የሚመራ፣ በጀት የሚመድብና የላቦራቶሪ አገልግሎትን የሚከታተል ኃላፊም ጉዳይ ነው።

የእነዚህ ተሕዋስያን የጋራ መጠሪያ ማይኮባክቴሪያ ይባላል። ከቤተሰቡ በመጀመሪያ የታወቀው ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው የሥጋ ደዌ ተሕዋስ ነው። ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ደግሞ የቲቢን ተሕዋስ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ይፋ አደረገ። ዕለቱ እስካሁን የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ከዚያ ወዲህ በተካሄዱ ምርምሮች የተለዩት የማይኮባክቴሪያ ዝርያዎች ዛሬ ከ190 በላይ ደርሰዋል።

ለአሠራር እንዲመች ባለሙያዎች ዝርያዎቹን በሦስት ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው ሰው የሚያጠቃውን ዋነኛ የቲቢ ተሕዋስ፣ የከብት ቲቢን የሚያመጣውን ማይኮባክቴሪየም ቦቪስንና ሌሎች የቅርብ ዘመዶቻቸውን የሚያጠቃልለው የቲቢ ወገን ነው። ሁለተኛው የሥጋ ደዌ ተሕዋስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሌሎቹን ሁሉ የሚይዘውና “የአካባቢ ማይኮባክቴሪያ” ወይም “ከቲቢ ውጪ የሆኑ ማይኮባክቴሪያ” በመባል የሚታወቀው ክፍል ነው።

የሦስተኛው ክፍል ተሕዋስያን መኖሪያ አፈርና ውኃ ነው። ለዚህም በመርካቶና በፒያሳ መካከል የሚገኘውን አትክልት ተራ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ስፍራው ለረጅም ዓመታት የመዲናዋ ዋነኛ የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ መሸጫ ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ግብይቱ ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። እንዲህ ባሉ ገበያዎች ከነአፈሩ የሚራገፈው ድንችና ካሮት፣ አትክልት የሚታጠብበት ውኃ፣ በዝናብ ወቅት የሚፈጠረው ጭቃና ከመሬት የሚነሳው አቧራ በየትኛውም የዓለም ክፍል እንዳለ አፈርና ውኃ ሁሉ የአካባቢ ማይኮባክቴሪያ ሊገኝባቸው ይችላል። የቧንቧ ውኃም ቢሆን ከእነዚህ ተሕዋስያን ሙሉ በሙሉ የጸዳ አይደለም፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ክሎሪንን የመቋቋም ባሕርይ አላቸው።

ይህ ማለት ግን አትክልት መሸጥም ሆነ መመገብ ሕፃናትን ያሳምማል ማለት አይደለም። ከተሕዋስያኑ ጋር መገናኘት የዕለት ተዕለት ነገር ሲሆን፣ በእነርሱ መታመም ግን እምብዛም የማያጋጥም ነው። የሰውነት የመከላከል አቅም አብዛኛውን ጊዜ ያለምንም ምልክት ያስወግዳቸዋል። በተጨማሪም የአካባቢ ማይኮባክቴሪያ በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ሕፃኑ ለወንድምና እኅቶቹ ወይም ለጎረቤት ልጆች ስጋት አይሆንም።

ቲቢ በዚህ ረገድ ፍጹም የተለየ ነው። ተሕዋሱ የሚተላለፈው በሳንባ ቲቢ የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር በአየር አማካይነት ነው። ጫኝና አውራጁ፣ ቸርቻሪውና ደንበኛው ተጨናንቀው በሚውሉበት እንደ መርካቶ ባለ አካባቢ፣ በተለይም ብዙ ቤተሰብ በአንዲት ጠባብ ክፍል በሚያድርበት ሰፈር፣ ሕፃን ልጅን የሚያሰጋው በቅድሚያ ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ለ2021-2025 እ.ኤ.አ. ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ነበረች። በዓለም ላይም በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትና ልጆች በቲቢ እንደሚታመሙ ድርጅቱ ይገምታል። ስለሆነም በአገራችን ያልተለመደውን ሕመም የመለየት ሥራ የሚጀምረው የተለመደውን በሚገባ ከመፈለግ ነው።

የሕፃናት ቲቢ ከአዋቂዎቹ ቲቢ የሚለይባቸው ነጥቦች አሉ። አዋቂ ሰው አክታ ይተፋል፣ አንዳንዴም ደም ይቀላቅላል። ሕፃን ግን አክታውን ይውጣል። በደረቱ ውስጥ የሚኖረው የተሕዋስ ቁጥርም አነስተኛ በመሆኑ በማይክሮስኮፕ የመታየት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። በመሆኑም ከሳሉ ባልተናነሰ ሌሎች ምልክቶች መታየት ይኖርባቸዋል። ከእነዚህም መካከል ከ2 ሳምንት ያላነሰ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም በሚጠበቀው መጠን አለመጨመር፣ የጨዋታ ፍላጎት ማጣትና መፍዘዝ ይገኙበታል። የሕፃኑ የዕድገት መከታተያ ካርድ በዚህ ጊዜ ትልቅ ማስረጃ ነው። ከሁሉም በላይ ግን “በቤት ውስጥ የሚያስል ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ ወይ?” የሚለው ጥያቄ መዘለል አይኖርበትም።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። ተሕዋሱ ወደ ሰውነታቸው ከገባ ሕፃናት መካከል ወደ በሽታ የሚሸጋገሩት አብዛኞቹ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑት ላይ በሽታው ወደ አንጎል ሽፋን ወይም ወደ መላ አካል የመሠራጨት አደጋው ከፍተኛ ነው። በዚህም የተነሳ ውጤት እስኪደርስ ሕክምና ማዘግየት የማይቻልበት ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ምልክቶችንና የራጅ ውጤትን በነጥብ በማስላት ሕክምና ለመጀመር የሚያስችል አሠራር ያቀረበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአካባቢ ማይኮባክቴሪያ የሚመጣው የደረት ሕመም ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ባደጉት አገሮች ይህ ኢንፌክሽን በሳንባ ላይ በብዛት የሚታየው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ባለባቸው ልጆች ላይ ነው። ጤነኛ ሕፃናትን ሲያጠቃ ግን በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆኑት ላይ የሚከሰት ሲሆን፣ በብዛት የሚታየውም በአንገትና በመንጋጋ ሥር በሚያብጥ ንፍፊት መልክ ነው። በደረት ውስጥ ሲከሰት በአየር ቧንቧዎች አጠገብ ያሉት ንፍፊቶች ያብጡና ቧንቧውን ከውጭ ይጫኑታል፤ አንዳንዴም ወደ ቧንቧው ውስጥ ዘልቆ የሚገባ እብጠት ይፈጠራል። በዚህ ረገድ ስሙ በተደጋጋሚ የሚነሳው ማይኮባክቴሪየም አቪየም የተባለው ወገን ነው።

የዚህ ሕመም ዋነኛ ምልክት ሕፃኑ ሲተነፍስ የሚሰማ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ወገን የሚበረታ የሲርሲርታ ድምፅ ነው። ድምፁ ለአስም በሚሰጠው የአየር ቧንቧ ማስፋፊያ መድኃኒት አይሻሻልም። ሳሉም ለሳምንታት ይቀጥላል። ሆኖም ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ይበላል፣ ይጫወታል፤ ከፍተኛ ትኩሳትና ጉልህ የክብደት መቀነስ ላይታይበትም ይችላል። ራጅ ሲነሳ የአንዱ ሳንባ ክፍል አየር ታምቆበት ወይም ተኮማትሮ፣ በሳንባው ሥር ያሉት ንፍፊቶችም አብጠው ሊታዩ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግምት ይመጣል፤ ይኸውም ሕፃኑ አንድ ነገር ወደ አየር ቧንቧው ሰርጎት ይሆናል የሚለው ነው። ግምቱ ተገቢ ነው። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ባቄላ ወይም የአሻንጉሊት ቁራጭ በአንድ ወገን ቧንቧ ውስጥ ሲቀረቀር ተመሳሳይ ድምፅና ተመሳሳይ የራጅ ምስል ይፈጥራል። ልዩነቱ ባዕድ ነገር የሚሰረገው በድንገት መሆኑ ነው፤ ሕፃኑ እየበላ ወይም እየተጫወተ ሳለ በድንገት ትን ብሎት እንደነበረ ወላጅ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ያስታውሳል። የኢንፌክሽኑ ሳል ግን ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ቁርጡ የሚታወቀው በከፍተኛ ሆስፒታል ደረጃ በሚሠራው፣ ብሮንኮስኮፒ በተባለው የአየር ቧንቧን በካሜራ የማየት ምርመራ ነው። በዚሁ ጊዜ ከእብጠቱ ለላቦራቶሪ የሚሆን ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ባዕድ ነገር ለማውጣት ገብቶ እብጠት ብቻ ያገኘ ሐኪም ናሙናውን ለማይኮባክቴሪያ ምርመራ ካልላከው የሕመሙ መንስኤ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል።

በላቦራቶሪም ቢሆን ሊያሳስቱ የሚችሉ ሁኔታዎች አሉ። በክንድ ቆዳ ላይ የሚሰጠው የቲቢ ምርመራ በአካባቢ ማይኮባክቴሪያም ሆነ በቢሲጂ ክትባት ምክንያት ማበጥ ሊያሳይ ይችላል። በማይክሮስኮፕ የሚደረገው የአክታ ምርመራም ተሕዋሱ የማይኮባክቴሪያ ቤተሰብ አባል መሆኑን እንጂ የትኛው ዝርያ እንደሆነ አይናገርም። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በበኩሉ የቲቢን ወገን ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ሲሆን፣ ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ውጤት ይሰጣል፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መቋቋሙንም ያሳያል።

ከዚህ በመነሳት ለጤና ባለሙያ ጠቃሚ የሆነ የማገናዘቢያ መንገድ ማስቀመጥ ይቻላል። በማይክሮስኮፕ ተሕዋስ ታይቶ በጂን ኤክስፐርት “ቲቢ የለም” የሚል ውጤት ከመጣ፣ ከቲቢ ውጪ የሆነ ማይኮባክቴሪያ መጠርጠር ይገባል። ሁለቱም ምርመራዎች ምንም ካላሳዩ ግን ቲቢ የለም ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በሕፃናት ላይ የተሕዋሱ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ምልክቶቹ፣ የቤተሰቡ ሁኔታና ራጁ ተደምረው ይታያሉ። የቲቢ መድኃኒት በአግባቡ እየወሰደ ለውጥ ያላሳየ ሕፃን ሲያጋጥም ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ፣ የአካባቢ ማይኮባክቴሪያ ወይም ጭራሹን ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ናሙናው በካልቸር መመርመር ይኖርበታል።

ካልቸር ተሕዋሱን በላቦራቶሪ አሳድጎ ዝርያውን የመለየት ምርመራ ነው። ማይኮባክቴሪያ ብዙዎቹ በዝግታ የሚያድጉ በመሆናቸው ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል። ውጤቱ ሲመጣም በጥንቃቄ መተርጎም ይኖርበታል፤ የአካባቢ ማይኮባክቴሪያ በውኃ ውስጥ ስለሚገኝ ከአክታ አንድ ጊዜ መገኘቱ ብቻ ሕመሙን ያመጣው እርሱ ነው አያሰኝም። ከንፍፊት ወይም ከአየር ቧንቧው እብጠት በቀጥታ ከተወሰደ ናሙና ሲገኝ ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው። በጅማ የቲቢ ጥርጣሬ ባለባቸው ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከቲቢ ተሕዋስ ጎን ለጎን ከቲቢ ውጪ የሆኑ ማይኮባክቴሪያዎችንም ማግኘቱ ጉዳዩ አገራችንንም የሚመለከት መሆኑን ያመለክታል።

ናሙና የማግኘቱ ችግር በተለይ ለትንንሽ ሕፃናት ብዙ ጥረት ተደርጎበታል። ለረጅም ዓመታት የነበረው መንገድ ሕፃኑ በሌሊት የዋጠውን አክታ ጠዋት በባዶ ሆድ በቀጭን ቱቦ ከጨጓራው መቅዳት ሲሆን፣ ይህም ለሕፃኑም ለወላጅም የሚያስጨንቅ ነው። የተዋጠው ተሕዋስ በሰገራ ስለሚወጣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በሰገራ ናሙና የሚደረገውን የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ለሕፃናት ተቀብሏል። ተጨማሪ መሣሪያ ሳያስፈልግ በአንድ እርምጃ የሰገራ ናሙና ማዘጋጀት የሚያስችለውን ዘዴ በመሞከር ሂደት የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተሳተፉ ሲሆን፣ የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ዘዴው የሚለየው ግን የቲቢን ወገን ብቻ በመሆኑ ለአካባቢ ማይኮባክቴሪያ አሁንም ካልቸር ያስፈልጋል።

በቲቢ ወገን ውስጥም እምብዛም የማያጋጥሙ ዝርያዎች መኖራቸው መዘንጋት የለበትም። ከነዚህ አንዱ በከብት ወተት የሚተላለፈው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ነው። በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በሚገኙ የወተት ላሞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ከብቶች 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ የከብት ቲቢ ምልክት አግኝቷል። በአንጻሩ በኢትዮጵያ በ964 የቲቢ ናሙናዎች ላይ ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሰዎች ላይ የከብት ቲቢ ድርሻ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ስጋቱ አነስተኛ ቢሆንም የመከላከያው መንገድ ቀላል ነው፤ ወተትን አፍልቶ ለሕፃናት መስጠት ብቻ ነው። ይህ ዝርያ ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ፒራዚናማይድን በተፈጥሮው የሚቋቋም በመሆኑ ተለይቶ መታወቁ ለሕክምናው ይጠቅማል።

ሌላው ማይኮባክቴሪየም ካኔቲ የተባለውና በአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም በጅቡቲ የሚታወቀው ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ለሳይንሱ ዓለም በዝርዝር የተገለጸው ናሙና የተገኘው ንፍፊቱ ካበጠ የ2 ዓመት ሶማሊያዊ ሕፃን ነበር። ይህም ያልተለመዱ ዝርያዎች የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አለመሆናቸውንና በጥንቃቄ የተላከ አንድ ናሙና ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ትክክለኛው ዝርያ መታወቁ የሚለውጠው ሕክምናውን ነው። ላልከበደ የሕፃናት ቲቢ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የ4 ወር ሕክምና ፈቅዷል። ለዚህ መሠረት የሆነው በዩጋንዳ፣ በዛምቢያ፣ በደቡብ አፍሪካና በህንድ በ1 ሺህ 204 ልጆች ላይ የተካሄደው ጥናት ነው። ለማይኮባክቴሪየም አቪየም ግን ክላሪትሮማይሲን ወይም አዚትሮማይሲን ዋነኛ መድኃኒት ሲሆን፣ ሪፋምፒሲንና ኢታምቡቶል ይታከሉበታል፤ ሕክምናውም ለብዙ ወራት ይዘልቃል። የአየር ቧንቧን የዘጋ እብጠት በቀዶ ሕክምና ወይም በብሮንኮስኮፒ መወገድ የሚያስፈልገው ጊዜም አለ። በወቅቱ ከተለየ ጤነኛ በነበሩ ሕፃናት ላይ የሕክምናው ውጤት በአብዛኛው መልካም ነው።

“ጤነኛ ነው” የሚለው አባባል ራሱ መረጋገጥ እንዳለበትም መታወቅ ይኖርበታል። በማይኮባክቴሪያ የደረት ሕመም የተጠረጠረ ሕፃን ሁሉ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ሕመሙ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ከተዛመተ፣ ከተደጋገመ ወይም የቢሲጂ ክትባቱ ራሱ ተዛምቶ ሕመም ከፈጠረ በዘር የሚመጣ የመከላከል አቅም ጉድለት ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

ቢሲጂ ከከባድ የሕፃናት ቲቢ ከመከላከሉም ሌላ በአካባቢ ማይኮባክቴሪያ ላይ የተወሰነ ከለላ እንደሚሰጥ የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1975 ለሁሉም ሕፃናት የሚሰጠውን የቢሲጂ ክትባት ካቆመች በኋላ በአካባቢ ማይኮባክቴሪያ የሚመጣ የንፍፊት ሕመም በትንንሽ ልጆች ላይ መጨመሩ ተመዝግቧል። በኢትዮጵያ ክትባቱ ሕፃናት እንደተወለዱ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በቤት የሚወለዱ ሕፃናት ሳይከተቡ እንዳይቀሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚያደርጉት ክትትል ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው።

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ሲጠቃለሉ የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው። እምብዛም የማያጋጥመው ሕመም የሚለየው ለተለመደው ሕመም የተዘረጋው አሠራር በሚገባ ሲሠራ ነው። በቲቢ የተያዘ አዋቂ ሲገኝ በቤቱ ያሉት ሕፃናት ሁሉ ተመርምረው ያልታመሙት የመከላከያ መድኃኒት እንዲያገኙ ማድረግ፣ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በተቻለ መጠን ናሙና መውሰድ፣ ናሙናው ከጤና ጣቢያ ወደ ማጣቀሻ ላቦራቶሪ በወቅቱ እንዲደርስና ውጤቱም ወደ ላከው ባለሙያ እንዲመለስ ማድረግ፣ ሕክምና የጀመረ ሕፃን ክብደትም በየቀጠሮው እንዲመዘን መከታተል የየደረጃው ኃላፊዎች ድርሻ ናቸው።

የአገሪቱ ብሔራዊ የቲቢ ማጣቀሻ ላቦራቶሪ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በማይኮባክቴሪያ ላይ የረጅም ጊዜ የምርምር ልምድ አላቸው። እነዚህ ተቋማት ዝርያውን ሊለዩ የሚችሉት ግን ናሙናው ከደረሳቸው ብቻ ነው።

ወላጆችም የድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል። ከ2 ሳምንት በላይ የሚያስል ሕፃንን ፋርማሲ እየለዋወጡ ሽሮፕ ከማጠጣት ይልቅ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ በቤት ውስጥ የሚያስል አዋቂ ካለም ሳይደብቁ ለባለሙያው መናገር ይጠበቅባቸዋል። ሕፃኑ ከ2 ዓመት በታች ከሆነና ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ያልተለመደ እንቅልፋምነት ወይም መንቀጥቀጥ ከታየበት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።